ለአሮጌ ቮልስ ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ፦ ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኳት፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ምርት የሆነች ቮልስ አለችኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን (አንዱ የአራት፣ አንዷ የዘጠኝ ዓመት) ይዤ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም እሄድባታለሁ። ከፊት ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ያረጀ ቀበቶ አላት፤ ከኋላ ምንም የለም። አንድ ጋራዥ ከተገጨ ቶዮታ የተፈታ ቀበቶ አምጥቶ፣ ዳዶ ወለሉ ላይ በይዶ፣ በግማሽ ቀን እንደሚጨርስልኝ ነግሮኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ባለአራት ነጥብ የእሽቅድድም ቀበቶ ይሻልሃል ይለኛል። የትኛውን ላድርግ? የመኪናዋንስ ጥንታዊነት ያበላሽብኝ ይሆን?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አልመክርዎትም። ወገብንም ደረትንም የሚይዘው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ግን ቮልስዎ ላይ በሚገባ ሊገጠም ይችላል፤ ከሥራው አብዛኛውንም አዲስ ቀዳዳ ሳይበሱ መጨረስ ይቻል ይሆናል። አስቀድሜ የምለምንዎት ገንዘብዎንም ጊዜዎንም ከቀበቶው ጨርቅ ይልቅ ቀበቶው በሚታሰርበት ብረት ላይ እንዲያውሉት ነው። እንደ ነገሩ በተገጠመ ቀበቶ ላይ ጨርቁ ከመበጠሱ በፊት ቡሎኑ ላሜራውን ቀድዶ ይወጣል።

ይህን አጥብቄ የምናገርበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይዎት። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ እርሱን ለመያዝ ቀበቶው የሚሸከመው ጭነት በግርድፉ 1,370 ኪሎ ነው። ቮልስዎ ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። መኪናዋን እንዳለች ቀበቶው ላይ ቢያንጠለጥሏት እንኳ ጭነቱ ከዚያ ያንሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲወጡ ማንም ፍጥነት ብሎ የማይቆጥረው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 14 የቀበቶ ማሰሪያ ቦታዎችን እንዲህ አጥብቆ የሚፈትነው ለዚህ ነው። በመደበኛ አውቶሞቢል ላይ የትከሻውና የወገቡ ክፍል እያንዳንዳቸው በ1,350 ዴካኒውተን፣ ማለትም ወደ 1,376 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል፣ በአንድ ጊዜ ይጎተታሉ። የጨርቁን ጥንካሬ የሚወስነው ደንብ ቁጥር 16 ደግሞ ጨርቁ ከ1,470 ዴካኒውተን በታች በሆነ ኃይል እንዳይበጠስ ያዛል። ደረጃውን የጠበቀ ቀበቶ በገዙ ጊዜ የጨርቁ ጉዳይ በፋብሪካ አልቆ መጥቶልዎታል። የቀረው የማሰሪያው ነገር ነው፤ አዲስ ጠፍር ቢገዙ የበሰበሰ ካስማ ላይ ካሰሩት ፈረሱ ያው ያመልጣል።

አሁን ከፊት ያለውን የወገብ ቀበቶ በቂ ነው ብለው እንዳይተዉት። የቮልቮ መሐንዲስ የነበረው ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን ባለሦስት ነጥቡን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲያወጣ መፍትሔ የሰጠው በትክክል ለዚህ ችግር ነበር፤ ቮልቮም ሌሎች አምራቾች ሁሉ በፈጠራው እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ወገብ ብቻ ሲታሰር ሰውነት ከወገብ ታጥፎ ይወረወራል፤ ደረትና ፊት መሪው ላይ ያርፋሉ። በእርስዎ መኪና ዘመን የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ የሚሰበሰብ ተደርጎ አልተሠራም። ከፊት ያለው ክፍል ወደ ኋላ ሲገፋ ዘንጉም ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል። በቮልስ ከፊትዎ ሞተር እንኳ የለም፤ ያለው የቤንዚን ታንክ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መኪናዋ ይዛ የመጣችውን ማሰሪያ ይፈልጉ። ቮልስዋገን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፋብሪካ ጥርስ የወጣላቸው የቀበቶ ቀዳዳዎች ያበጅ ነበር። ለፊት መቀመጫ የሚፈልጓቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ አንዱ ከመቀመጫው ውጭ በኩል፣ በበሩ ደፍ መጨረሻ አካባቢ ዝቅ ብሎ፤ አንዱ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል በሚያልፈው የወለሉ ዋሻ ጎን፤ ሦስተኛው ከበሩ በስተኋላ ባለው ቋሚ ላይ በትከሻ ከፍታ። ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ወይም በጎማ ውታፍ ተደፍነው፣ አለዚያም ከምንጣፍና ከጨርቅ ሥር ተሸፍነው ይገኛሉ። የትኞቹ ቀዳዳዎች እንዳሉ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ በእጅ እየዳሰሱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሁን ያለው የወገብ ቀበቶ የታሰረባቸውንም ይፍቷቸው፤ የፋብሪካ ጥርስ ላይ ይሁን ወይስ ቀድሞ የነበረ ሰው በትራፓኖ በስቶ በሮንዴላ ያሰረው፣ ሳይፈታ አይታወቅም።

የፋብሪካው ቀዳዳ ጥርስ በኢንች ነው፦ 7/16 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። እዚህ ላይ እባክዎ ቆም ይበሉ። ብዙው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። 7/16 ኢንች 11.1 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን አይገባም፤ በጉልበት ካስገቡት ጥርሱን ይልጠዋል። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ይገባና ጫፍ ጫፉን ብቻ ይይዛል፤ ሲያጠብቁት የጠበቀ ይመስላል፤ በተጎተተ ጊዜ ግን መዞርም ሳያስፈልገው ተስቦ ይወጣል። ትክክለኛው ቡሎን ብዙ ጊዜ ከአዲስ ቀበቶ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በቀዳዳው ውስጥ የስድሳ ዓመት ቀለምና ዝገት ስለሚኖር በዚያው ልክ በተሠራ የጥርስ ማውጫ ያስጠርጉት። ከዚያ ቡሎኑን ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ ያስገቡት። አምስት ዙር ያህል በጣት ካልሄደ ጥርሱ አልገጠመምና ቁልፍ አያንሱ። በመጨረሻ በቶርክ ቁልፍ ወደ 40 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ የቀበቶው የብረት ጆሮ በነፃነት መወዛወዝ አለበት። ከቀበቶው ጋር የሚመጣው ትንሽ የብረት ቀለበትና ሞገድ ያለው ሮንዴላ የተሠሩት ለዚሁ ነው። «ትርፍ ዕቃ ነው» ተብለው ሲጣሉ ጆሮው ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀበቶው በጎን ሲጎተት ጆሮውም ቡሎኑም ለመታጠፍ ይገደዳሉ፤ ጨርቁም በአንድ ጠርዙ ብቻ ጭነት ይሸከማል። ገጥመው ሲጨርሱ ጆሮውን በጣትዎ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱት፤ ካልተንቀሳቀሰ ይፈታ።

ቀጥሎ ዝገት። የጎጃም ክረምት ረጅም ነው፤ ቮልስ ደግሞ ውኃ የምትሰበስብባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው፣ የሞተሩን ሙቅ አየር የሚያስተላልፈው ሳጥን መሰል ብረት ከውስጥ ይበላል፤ ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ ደህና ሆኖ ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊሆን ይችላል። የውጭው የታች ማሰሪያ በዚሁ አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል። ወለሉም እንዲሁ፤ በተለይ ከኋላ መቀመጫ በስተቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ በአሲድ ጭምር ይበላል። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ ያንሱና ከእያንዳንዱ ማሰሪያ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በመዶሻ እጀታ ይንኩት። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው የታፈነ ነው። የተጠራጠሩትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑት። ከገባ ወይም ቀለሙ ከተፈረፈረ የቀበቶው ሥራ ይቁምና የአካል ጥገናው ይቅደም። የተበላውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ጤነኛ ላሜራ መተካት ነው፤ በላዩ ላይ ስቱኮ ለብጦ ቀለም መቀባት ሞትን መሸፈን ነው፤ ይህን ያለ ማጋነን ነው የምለው።

የፋብሪካ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አዲስ ማበጀት ይቻላል፤ ግን የጋራዡ ሰው እንዳለው ዳዶ ወለሉ ላይ በይዶ አይደለም። የወለል ላሜራ ስስ ነው፤ የብየዳው ሙቀት በዳዶው ዙሪያ ያለውን ብረት ያዳክመዋል፤ በግጭት ጊዜም ዳዶው የላሜራ ክብ ይዞ ይመዘዛል። መደረግ ያለበት ከላሜራው በስተጀርባ፣ ማለትም ከሚጎተትበት በተቃራኒው ወገን፣ የብረት ሳህን ማስቀመጥ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለውድድር መኪናዎች የሚጠይቀው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ነው፤ በጎን ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ማዕዘኖቹ ይከርከሙ፣ ጠርዙም ይሞረድ፤ ሹል ጠርዝ ላሜራውን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ለቤተሰብ መኪናም ከዚህ አላንስም።

በመሐሉ ዋሻ ላይ ግን ማንም ሰው ትራፓኖ እንዳያሳርፍ ይጠንቀቁ። በቮልስ ውስጥ የቤንዚኑ ቱቦ፣ የፍሪሲዮኑና የነዳጅ መስጫው ካቦዎች፣ የእጅ ፍሬኑ ካቦ፣ የማርሹ ዘንግ ሁሉም የሚያልፉት በዚያ ዋሻ ውስጥ ነው። ሳያይ የሚበሳ መካኒክ የቤንዚን ቱቦውን ሊወጋው ይችላል፤ ሲበሳ የሚወጣው ፍንጣሪ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም። እዚያ የፋብሪካ ጥርስ ከሌለ መኪናዋን የሚያውቅ፣ ቱቦውን ለይቶ የሚያወጣ ባለሙያ ይፈልጉ። ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል፤ ከፊት በኩል ከሆነም ታንኩ ይውረድ።

ከተገጨው ቶዮታ የተፈታውን ቀበቶ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይግዙት። ቀበቶ በግጭት ጊዜ ሥራውን የሚሠራው በመለጠጥም ጭምር ነው፤ አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሻጩ ካሳየዎት ጨርቁን እስከ መጨረሻው ስበው በብርሃን ይመልከቱት። በምላሱና በትከሻው ቀለበት ውስጥ የሚያልፈው ክፍል የቀለጠ ፕላስቲክ የመሰለ አንጸባራቂ መስመር ካለው፣ ክሩ ከተንጨፈረረ ወይም ጨርቁ እንደ ማዕበል ከተኮማተረ፣ ያ ቀበቶ ሰው ይዞ ያቆመ ነው። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ ዘለበቱ ወይም መጠቅለያው ውስጥ በግጭት ቅጽበት ቀበቶውን የሚያጠብቅ ፈንጂ መሰል ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተያያዘበት እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን መፍታትም አጠገቡ መበየድም አደገኛ ነው። አዲስ ይግዙ። መለያ ጨርቁ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» የላቲን ፊደልና ከጎኑ የአገር ቁጥር ያለበትን ይምረጡ። ዘለበቱና ምላሱ ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ስብስብ ይሁኑ፤ «ገባ፣ ጮኸ» ማለት ያዘ ማለት አይደለም።

ጓደኛዎ የመከረው ባለአራት ነጥብ ቀበቶ ለውድድር መኪና የተሠራ ነው። በዚያ መኪና ውስጥ ጣሪያውን የሚደግፍ የብረት ማዕቀፍ፣ ትከሻን የሚይዝ መቀመጫ፣ ራስ ላይ ቆብ አለ። በቮልስ ውስጥ የትከሻ ማሰሪያዎቹ የሚታሰሩበት ስለሌለ ወደ ኋላ ወለል ይወርዳሉ፤ በግጭት ጊዜም ትከሻን ወደ ታች ጎትተው አከርካሪን ይጨምቃሉ። መኪናዋ ብትገለበጥ ደግሞ ቀጥ ብለው እንደ ታሰሩ ጣሪያው ይመጣብዎታል። ለመንገድ አይሆንም።

የቀረው ምርጫ ራሱን የሚጠቀልል ይሁን ወይስ በእጅ የሚስተካከል የሚለው ነው። በእጅ የሚስተካከለው ለዘመኑ መልክ ይስማማል፤ ርካሽም ነው። ሆኖም መኪናዋን እርስዎና ባለቤትዎ ትቀያየራላችሁና ጠዋት ለአንዱ የተስተካከለው ማታ ለሌላው ይላላል፤ የላላ ቀበቶ ደግሞ ሰውን የሚይዘው ከዘገየ በኋላ ነው። ለእርስዎ ራሱን የሚጠቀልለውን እመርጣለሁ።

የዚህ ዓይነቱ መጠቅለያ ግን አቀማመጡ ላይ ግትር ነው። በውስጡ መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲያጋድል የሚንከባለል ትንሽ ኳስ ወይም ፔንዱለም አለ፤ ያ ሲንቀሳቀስ ጥርስ ያነሳና ጥቅልሉን ይቆልፋል። በደንብ ቁጥር 16 መሠረት እስከ 12 ዲግሪ ሲያጋድል መቆለፍ የለበትም፤ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲያጋድል ግን መቆለፍ አለበት። 12 ዲግሪ በ100 ሜትር ርቀት 21 ሜትር መውረድ ማለት ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከደጀን እስከ ድልድዩ እንኳ ያን ያህል አይቆምም። በትክክል የተገጠመ መጠቅለያ በረሃውን ሲወርዱ አያስቸግርዎትም ማለት ነው። ገጣሚው ግን አምራቹ ካዘዘው ስምንት ወይም ዘጠኝ ዲግሪ አዘንብሎ ካሰረው፣ ቁልቁለቱ ሲጨመርበት ሊቆለፍ ይችላል፤ ሾፌሩም ተበሳጭቶ ቀበቶውን ይፈታል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ቀበቶ እጅግ በሚያስፈልግበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መጠቅለያው ላይ የተሳለውን ቀስት ወይም ማሳያ ይከተሉ፤ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመው በውኃ ልክ ይለኩ። ቋሚው ያዘነበለ ከሆነ ማዕዘኑን የሚያስተካክል ጠንካራ ቅንፍ ከአምራቹ ይገዛል።

የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻዎ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን፤ ጨርቁ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ይለፍ። የወገቡ ክፍል በዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሆድ ላይ አይውጣ። መቀመጫዎቹንም አይርሱ። የሐዲዱ ጥርስ ካለቀና መቀመጫው ወደ ፊት ከተንሸራተተ ቀበቶው ብቻውን ምንም አያደርግም። የፊት መቀመጫዎቹን ጀርባ ወደ ፊት እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ በሁለቱም ላይ እንደሚሠራ ያረጋግጡ፤ ከሌለ ያሠሩ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ የራሱ ማሰሪያ ባለው የልጅ መቀመጫ ውስጥ ከኋላ ይቀመጥ። አንዳንዱ መቀመጫ በወገብ ቀበቶ ብቻ ሊታሰር ይችላል፤ ሌላው ባለሦስት ነጥብ ይፈልጋል፤ መለያው ላይ የተሳለውን ሳያዩ አይግዙ። ለዘጠኝ ዓመቷ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልጋታል፤ አውሮፓ ውስጥ ልጆች ቁመታቸው 135 ወይም እንደ አገሩ 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይህን ይጠቀማሉ። ከፍ ማድረጊያው ግን ከባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ጋር ብቻ ነው የሚሠራው፤ በወገብ ቀበቶ ብቻ ከታሰረ ልጅቷ ከላይ ምንም የሚይዛት የለም። ስለዚህ ከኋላ ቢያንስ በአንዱ ጎን የትከሻ ማሰሪያ ማበጀት ግድ ነው፤ የገንዘቡ ጉዳይ አሳሳቢ ከሆነ ከእርስዎ ወንበር በፊት ይህ ይቅደም። የባትሪውንም ነገር ልብ ይበሉ፦ ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ ስለሆነ የልጅ መቀመጫ ክብደት ሲጫነው የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፎች ሊነካና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጫፎቹ በጎማ ሽፋን ይሸፈኑ።

ጥንታዊነቷ አይበላሽም። የፋብሪካ ቀዳዳዎችን ከተጠቀሙ ሁሉም ነገር ተፈትቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የድሮውን የወገብ ቀበቶ ከነቡሎኑ በከረጢት አስቀምጡት።

ሥራው ሲያልቅ ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፍሬን አጥብቀው ይያዙ፤ ቀበቶው ወዲያው መቆለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ለቦሎ ሲዘጋጁ፣ ቡሎኖቹንና ጨርቁን ይፈትሹ። የገጠሩን ጠጠር መንገድ ካበዙ አቧራው ጥቅልሉን ያዘገየዋል፤ ጨርቁን ስበው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡትና በጥላ ያድርቁት። በረኪና፣ ቤንዚንና ቀለም ክሩን ይጎዱታል።

አሁን ምንም ዕቃ ሳይገዙ ምንጣፉን አንሥተው የሦስቱን ቦታዎች ፎቶ ከቅርብ ያንሱና ይላኩልኝ፦ የቋሚውን፣ የዋሻውን ጎንና ከበሩ ደፍ በስተኋላ ያለውን። አጠገባቸው ማስመሪያ ቢያስቀምጡ የቀዳዳውን ልክ አይቼ የትኛው ቡሎንና የትኛው ቅንፍ እንደሚያስፈልግ እነግርዎታለሁ።